ሰርጋችንን የቀጠረው የዱር ከብት

ዛሬ ታኅሣሥ ሰባት ቀን ዓርብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቀዝቃዛው የሰሜን ነፋስ አቧራ ተሸክሞ እየመጣ ግቢውን አልብሶታል፤ ጠርጌ ሳልጨርስ ተመልሶ ይተኛል። በሳሎን የነበሩት የቤቱ ጌታ ኡስታዝ ዳውድ፣ ሚስታቸው ሲት አሚና፣ እናታቸው ሐጃ ረሺዳ፣ ከዱባይ ለዕረፍት የመጣችው የወንድማቸው ሚስት አብራርና የጉዞ ወኪሉ ከቢር ናቸው። እኔም ነበርኩ፣ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ። ማን እንደነበረ አስቀድሜ የጻፍኩልሽ፣ የምነግርሽን ነገር ከሰው አፍ ሳይሆን በገዛ ጆሮዬ እንደሰማሁት እንድታውቂልኝ ነው።

ለውድ እህቴ ለትንሣኤ። እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ በዚህ ብርድ አልተነሣብሽም? ባለቤትሽ ጋሽ ተድላስ፣ ሳላቸው ለቀቃቸው ወይስ አሁንም ሌሊት ቤቱን ይቀሰቅሱታል? ቀይዋ ላም በደህና ወለደች? ለድግሱ ያሰጣችሁት ጌሾ ደረቀ? እኔ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ሥጋዬ ደህና ነው። ጾሙንም ይዣለሁ፤ ለእንግዳ ሥጋ እየጠበስኩ እኔ ፉሌን በዘይት እበላለሁ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ደህና ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል።

ከትናንት በስቲያ በስልክ «ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ልጅሽ ‹እናቴ ካልመጣች ከቤት አልወጣም› ብላ ተቀምጣለች» ስትዪኝ «እሺ፣ እሺ» ብቻ ብዬ መዝጋቴን አትቀየሚኝ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን ቃል ከአፌ ይሸሻል። ብዕር ስይዝ ይሻለኛል፤ ፊደሉን የለቀምኩት ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ስለሆነ ቢጣመምብሽ አንቺ አቃንተሽ አንብቢው። በርበሬ ሊያመጣ ወደ ድንበሩ ወደ ገላባት የሚወርደው ገብረየስ ነገ ማታ ስለሚነሣ በእሱ እልክልሻለሁ።

እታለም፣ እዚያ አይከል ከተማ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የልጄን የራሔልን ሰርግ ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ይሁን ሲሉ፣ «ጸሐይወርቅም የመረጠችው ቀን ነው» ብለሽ እንዳስደሰትሻቸው ነግረሽኝ ነበር። እኔ ቀኑን ከማን ጋር ተማክሬ እንደመረጥኩት ግን አልጠየቅሽኝም። ከዱር ከብት ጋር ነው የተማከርኩት። አትሳቂ፤ አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ባለፈው ክረምት ሲት አሚና ከአንድ ወዳጇ ቤት ፎቶ አይታ መጣች። ኬንያና ታንዛንያ ወርደው፣ ማለቂያ በሌለው የሣር ሜዳ ላይ አንበሳና ዝሆን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ማደሪያቸው ሆቴል አይደለም፣ ድንኳን ነው፤ ግን ድንኳኑ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ያለው፣ ደውል ሲደወል አሳላፊ የሚመጣበት ነው። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ በትልቅ ፊኛ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ካርቱም ሁለት ከሚሉት ሰፈር ከቢር የሚባለውን ወኪል አስጠራች፤ እሱም ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ነገር ነገራቸው። በታንዛንያ ሜዳ ላይ ጢም ያለው፣ ላምም ፈረስም የማይመስል የዱር ከብት አለ አሉ፤ ቁጥሩ ስፍር የለውም፤ በፈረንጅ አንደኛው ወር መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድነት ይወልዳል፤ አንበሳውም ጥጃውን ፍለጋ ይሰበሰባል። «እሱን ነው የምናየው» አለች ሲት አሚና። ቤቱ ይዘጋል፤ ሐጃ ረሺዳ አል-ሳሃፋ ወደምትኖረው ሴት ልጃቸው ይሄዳሉ፤ «አንቺም ጸሐይ፣ በዚያው አገርሽን አይተሽ ነይ» አለችኝ። ጓሮ ወጥቼ በጣቴ ቆጠርኩ። የእነሱ ወር መጨረሻ የእኛ ጥር ሃያ አንድ ላይ አረፈ። ያን ቀን ነው የደወልኩልሽ።

ከዚያ ወዲህ ነፍሴ ከዚያ ከብት ማሕፀን ጋር ታስራ ሰነበተች። ለሰው ወሊድ ያልተሳልኩትን ለዱር ከብት ወሊድ ለማርያም ተሳልኩ። ዕቅዱ በተንገጫገጨ ቁጥር እኔ እወድቅ ነበር። አንድ ጊዜ የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋል ሲባል ኡስታዝ ዳውድ መርፌ ስለሚፈሩ «በቃ ይቅር» አሉ፤ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ሌላ ጊዜ ከቢር በትንሿ አውሮፕላን ጠንካራ ሻንጣ አይገባም፣ ለስላሳ ቦርሳ ብቻ ነው ሲል ሲት አሚና አኮረፈች፤ ያን ሁሉ ጎማ ያለው ሻንጣ ለማን ገዛሁት ብላ። እሱ በማግሥቱ የአንበሳ ራስ የታተመባቸው አፈር መልክ ቦርሳዎች ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለማይሄዱት ለሐጃም ሳይቀር፣ ይዞ መጥቶ አስታረቃት። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ዝንብ ይጠራል ሲላት ቁም ሣጥኗን በሙሉ አወጣን። ኡስታዝ ዳውድ ደግሞ ሥጋው ሐላል ነው ወይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን አለ ወይ ይላሉ። እኔ ሻይ እያቀረብኩ በልቤ «አለ በል፣ ከቢር፣ አለ በል» እላለሁ።

አንድ ቀን ሲት አሚና «ከርከሮ ለማየታችን ዋስትና ትሰጠኛለህ?» ብላ ጠየቀችው። እታለም፣ ከርከሮ! አባታችን ቋራ በረሃ ማሽላው መሐል ማማ ላይ ተቀምጦ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ላለማየት ሲጸልይ፣ ወንጭፍ ሲወነጭፍ አይደል ትከሻው የጎበጠው? አንበሳ ዳለቻን የበላብን ዓመት እናታችን ቀንበሩን ታቅፋ ያለቀሰችው ትዝ ይልሻል? እኛ አንበሳን የምናውቀው በበሬያችን በኩል ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ማን ጠየቀኝ? ደግሞ እነሱ አልበደሉም፤ በሬያቸውን አልበላባቸውም። ይሂዱ፣ ይዩ፣ ይደሰቱ፤ ብቻ በጥር ይሂዱ እያልኩ ነበር።

ዛሬ ግን አብራር አፈረሰችው። የሱዳን የባንክ ካርድ ውጭ ስለማይሠራ ጉዞውን ከዱባይ ሆኖ የሚያስይዘው የእሷ ባል ነው፤ እሷም አብራ ልትሄድ አስባለች፤ ስለዚህ ቃሏ ይሰማል። ምሳ በልተው ሻይ ሳቀርብ ከቢር የጥጆቹን ሥዕል ያሳያል። እሷ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ጥጃ ለማየት ነው አውሮፕላን የምትሳፈሩት? እዚሁ ባሕሪ ሰፈር ካለው የከብት በረት አንዱን ሂዳችሁ እዩዋ! መታየት ያለበት ወንዝ ሲሻገሩ ነው። አዞ ሲይዛቸው፣ ሲራገጡ፣ ሲያልፉ፤ እሱ ነው ሳፋሪ» አለች። መሻገሩ መቼ ነው ሲሏት በፈረንጅ ስምንተኛው ወር ነው አለች፤ የእኛ ነሐሴ መሆኑ ነው። ከቢርም ወዲያው «እውነት ነው፣ እሱ ይበልጣል» አለ። አምስት ወር ሙሉ ስለ ጥጃ ሲምል የነበረ ሰው፣ እታለም! ሲት አሚና ዓይኗ በራ፤ ኡስታዝ ዳውድም «ከሆነ ይሁን» አሉ። ኸላስ፣ አለቀ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የልጄ ሰርግ ከእጄ ወጣ።

ሐጃ ረሺዳ ብቻ ከጥግ ሆነው አጉረመረሙ። «የተወለድኩት ቡጣና በረሃ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። አባቴ ከድንኳን አውጥቶ ጡብ ቤት ሊያስገባኝ ስንት ግመል ሸጠ። እናንተ ደግሞ ገንዘብ ከፍላችሁ ወደ ድንኳን ትመልሱኛላችሁ?» አሉ። እሳቸውን ማን ይወስዳቸዋል እንዳትዪ፤ በስምንተኛው ወር የአል-ሳሃፋዋ ልጃቸው ለሐጅ ስለምትሄድ ብቻቸውን አይቀሩም ተባለ። ያን ጊዜ ሲት አሚና ወደ እኔ ዞረችና ፊቷ በደስታ ሞልቶ «ጸሐይ! አንቺም ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ! ከሐጃ ጋር አንድ ድንኳን ትይዛላችሁ። አንበሳ ታያለሽ!» አለችኝ። ሁሉም «መብሩክ፣ መብሩክ» እያሉ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ከቢር አጨበጨበ። እኔ ስኳር ማቅረቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

እንደምንም ብዬ «ሲት አሚና፣ የልጄ ሰርግ በጥር ነው» አልኩ። «አውቃለሁ፣ አላህ ያሳምርላት! ወደ ስምንተኛው ወር አዙሩታ። ሰርግ እኮ የራስ ነው፤ ቀናቸው የማይለወጠው አራዊቱ ናቸው» አለች። ነሐሴ ጾም ነው አልኳት። «ቢሆንስ? ማታ አድርጉታ!» አለች፤ የእነሱ ጾም መስሏት። የእኛ ጾም ፀሐይ ስትገባ እንደማይፈታ፣ በፍልሰታ ካህን እንደማያጋባ፣ ከፍልሰታም በኋላ ጭቃው የሙሽራ በቅሎ እንደማያሳልፍ ለማስረዳት አረብኛዬ አልደረሰልኝም። ከወንዝ ማዶ ያለውን ዘመድ ማን ያሻግራል? እኛስ አገር አዞ የለም እንጂ ጎርፉ መቼ ማንን ማረ? ይህን ሁሉ አሰብኩና እንደ ልማዴ «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ከአጥሩ ማዶ ባለው ቪላ የምትሠራው የወሎዋ ሬሕማ ልብስ ስታሰጣ አየችኝና ምን ሆንሽ አለችኝ። ነገርኳት። «አንቺ ዕድለ ቢስ! አንበሳ እናሳይሽ ሲሉሽ ታለቅሻለሽ? እኔን ቢወስዱኝ አንበሳውን ራሱን ሻይ አፍልቼ አጠጣው ነበር» ብላ ሳቀች። ሳቄ ስላልመጣ እሷም ተወችው። ወደ አጥሩ ተጠግታ «አባቷ በሕይወት የለም አላልሽኝም? ታዲያ የማንን ጉልበት ስማ ልትወጣ ነው?» አለችኝ። እታለም፣ ይቺን ነገር ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እንደ እሾህ ይዣት እዞራለሁ። አሳድገሽልኛል፤ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ አብልተሽ፣ አልብሰሽ፣ አስተምረሽልኛል። ያንቺን ጉልበት መሳሟ የተገባ ነው፤ አልቀናብሽም። ግን እኔ በዚህ ቤት ስድስት ዓመት በየጠዋቱ የሰው ጉልበት አሽቻለሁ፤ የሐጃ ረሺዳን፣ በሞቀ የሰሊጥ ዘይት። የእኔን ጉልበት አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ የሚፈልገው ሰው ቢኖር ራሔል ናት። እዚያ ካልሆንኩ ጉልበቴ ለመቼ ይሆነኛል?

አሁን ችግሩ ይህ ነው። ፓስፖርቴ ኡስታዝ ዳውድ ካዝና ውስጥ ነው። ከዚህ አገር ለመውጣት ኹሩጅ የሚሉት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ የእሳቸው ፊርማ ያስፈልጋል። በድብቅ ልውጣ ብል በረሃ ለበረሃ ነው፤ ያን መንገድ ስመጣ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አላየውም። ፈርመው ቢለቁኝም ቦታዬ ይጠብቀኛል አልልም። ይህን ጽፌ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት። እታለም፣ ወረቀቱን መልሼ ዘረጋሁት፤ ያደረግኩትን እንዳደረግኩት እጽፍልሻለሁ።

ተነሥቼ ታጠብኩ፣ ጸለይኩ። ነፋሱ ቆሟል፤ አቧራው ግን በየመስኮቱ ላይ ተኝቷል፤ አልጠረግኩትም። ከሰሉን አያይዤ ዘይቱን አሞቅኩና ሐጃ ረሺዳ ክፍል ገባሁ። ጉልበታቸውን ማሸት ስጀምር «ዛሬ እጅሽ ከብዷል። የምታሺው እኔን ነው ወይስ ጠላትሽን?» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ይቅርታውን ተዪውና ተናገሪ» አሉ። ነገርኳቸው። በእኛ አገር ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ባትስም ምን ይሆናል?» አሉኝ። «ምንም አይሆንም፣ ሐጃ። ዝናቡም ይዘንባል፣ እህሉም ይበቅላል። ልጄ ግን የእኔን ጉልበት ሳታውቀው ትሄዳለች» አልኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ስጠብቅ «የእኔንስ ጉልበት ማን ያሽልኛል?» አሉኝ። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «የአል-ሳሃፋዋ ልጅዎ ሁለት እጅ አላት» አልኳቸው። ደነገጥኩ፤ እሳቸውም ደነገጡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ስድስት ዓመት ምላስ የላትም ብዬ ነበር እኮ!» አሉ። «ያላ፣ ተነሺ፤ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? የቤቱ ወንድ በረንዳ ላይ ነው።»

እጄን ከዘይቱ ታጠብኩና በረንዳ ወጣሁ። ኡስታዝ ዳውድ ሻይ እየጠጡ ነበር። «ኡስታዝ፣ ፓስፖርቴን ይስጡኝ፤ ለልጄ ሰርግ እሄዳለሁ» አልኩ። «አሚና ነግራሻለች እኮ፣ በስምንተኛው ወር...» አሉ። እንደ ወትሮው እሺ ብዬ አልተመለስኩም፤ ቆምኩ። ሲት አሚና ድምፄን ሰምታ ፀጉሯን ሳትጠቀልል መጣች። «አውሮፕላን! ኬንያ! አንበሳ! ስንት ሰው የሚመኘውን ሰጥቼሽ?» አለችኝ። «የሚመኘው ሰው ይሂድበት፣ ሲት አሚና» አልኳት። «ለአንድ ቀን ሰርግ?» አለች። «ከብቶቹ ወንዙን በየዓመቱ ይሻገራሉ፤ ልጄ ከቤቴ የምትወጣው አንድ ጊዜ ነው» አልኳት። ኡስታዝ ዳውድ ብርጭቆውን ካሽከረከሩ በኋላ «ብትሄጂ ቦታሽን ባዶ አድርጌ መጠበቅ አልችልም፤ እናቴ ሰው ያስፈልጋታል» አሉ። «ሌላ ሰው ይግባ። እጁ ይቅለለው፣ ኢንሻአላህ» አልኩ። ገብተው ካዝናውን ሲከፍቱት ሰማሁ። ፓስፖርቴን ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጡትና ዛሬ መሥሪያ ቤት ዝግ ስለሆነ ነገ ለኹሩጁ ወረቀቱን ፈርመው እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሲት አሚና ግን እስካሁን አኩርፋለች፤ የጠጣችበትን ብርጭቆ ራሷ ወስዳ አጥባዋለች፤ በስድስት ዓመት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሥራ አጥቼ እንደምመጣ አውቄአለሁ፣ እታለም። ንዴቱም ከሆዴ አልወጣም፤ የገዛ ልጄን ለመዳር የአዞና የጥጃ ጉዳይ ሲወሰን ደጅ መጥናቴ አሁንም ያንገበግበኛል። ከሰርጉ በኋላ ምን እበላለሁ የሚለውን ከሰርጉ በኋላ አስበዋለሁ። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ሐጃ ረሺዳ ጠሩኝና ለእሳቸው ከቢር ያመጣላቸውን የአንበሳ ራስ ያለበትን ቦርሳ ከአልጋቸው ሥር አስወጡኝ። «ውሰጂው። ድንኳን አልገባም፤ ጨርሻለሁ። አንበሳውም ሰርግ ይይ» አሉኝ። ባዶ መስሎኝ ነበር፤ ስከፍተው የዚህ አገር ሴቶች የሚጠቀለሉበት አንድ ያልተፈታ ቶብ ከሰንደል ሽታ ጋር ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ለሙሽራዋ ነው» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ለጋሽ ተድላ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ፤ ማር አመጣላችኋለሁ እንዳልል የእናንተ ይበልጣል፤ ለሳላቸው የሚሆን ዕጣን ግን እይዛለሁ። ለሙሽራው ለቃለአብና ለአባቱ ለአቶ በላይነህ፣ ቀኑ ጥር ሃያ አንድ እንደጸና ንገሪልኝ፤ ማንም፣ ምንም ዓይነት ፍጡር አያዛውረውም። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ጌሾ ለሚወቅጡት፣ እንጨት ለሚፈልጡት ሰላምታዬን አድርሺ። አንቺን ራስሽን ወገብሽን ሳላስጨንቅ አንገትሽን አቅፌ እስምሻለሁ። ራሔል ሙሽራ ሆና ስትወጣ ያንቺን ጉልበት አስቀድማ ትሳም፤ እኔ ከጎንሽ እቀመጣለሁ።

ለራሔል ለብቻዋ ይህን አንብቢላት። ልጄ፣ ፈቃዱን እንዳገኘሁ እነሣለሁ፤ ለገና ባልደርስ ለጥምቀት እደርሳለሁ። መናኸሪያ መጥተሽ ተቀበዪኝ። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆነን፣ ብዙ ነው፤ ፊቴን ባትለዪው አልቀየምሽም፤ እኔም ያንቺን ላልለየው እችላለሁ። ስለዚህ ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት አትዪ፤ እጃቸውን እዪ። አፈር መልክ ቦርሳ፣ አንበሳ የታተመበት ቦርሳ የያዘችው እኔ ነኝ።

እናትሽ፣ እህትሽ
ጸሐይወርቅ

ካርቱም፣ ባሕሪ፣ ካፉሪ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.